የሀሰልኮ ማሳዎች ስም

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1945

ይህ ደብተር የአባቴ የአደን መዝገብ ነው። ከፊት በኩል በዚህ ቀን ይህን ያህል ጥንቸል፣ በዚያ ቀን ይህን ያህል ዳክዬ ይላል፤ እኔ ገልብጬ ከኋላው ጀምሬያለሁ። ሻማ ስለሌለ የምጽፈው በቀን ብርሃን፣ ሥራ ፋታ ሲሰጠኝ ነው።

ወንድሜ ዮአኺም ማርች ላይ፣ ሩሲያውያን ሲቃረቡ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በሁለት ጋሪ ጭኖ ወደ ምዕራብ ሲሸሽ እኔ “ሙታኖቻችንን ማን ይጠብቃቸዋል?” ብዬ ቀረሁ። ሲነገር ያምራል። እውነቱ ግን በጋሪው ላይ የተረፈው ቦታ ወይ ለእኔ ወይ ለብር ዕቃው ነበር፤ ዮአኺምም አጥብቆ አልለመነኝም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባል አላገባሁም። ከሀሰልኮ ውጭ ያሳለፍኩት ጊዜ ተደማምሮ አንድ ክረምት አይሞላም።

አሁን በቤታችን ከምሥራቅ ፕሩስያ የተፈናቀሉ አሥራ አንድ ቤተሰቦች ሰፍረዋል። ለእኔ ከወጥ ቤቱ በላይ ያለችው የአንሶላ ክፍል ደርሳኛለች፤ አልጋዬ በሁለት ሣጥኖች መካከል ነው። በመስኮቱ፣ ግራና ቀኙ የሊንደን ዛፍ የተተከለበት መንገድ ይታያል። ሽመላዎቹ ሄደዋል። አባቴ ሽመላ ሲሄድ ባርኔጣውን አንሥቶ ነበር የሚሸኘው፤ እኔም ዘንድሮ ሻሼን ነካ አድርጌ ሸኘኋቸው። ወይዘሮ አዶማይት የምትባል ስደተኛ አይታኝ፣ አሮጊቷ አእምሮዋን ሳተች ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

መሬት ሊከፋፈል ነው የሚል ወሬ አለ።

ሴፕቴምበር 9

ወሬው አዋጅ ሆነ። ከመቶ ሄክታር በላይ ያለው ሁሉ መሬቱን ከነቤቱ፣ ከነከብቱ፣ ከነማረሻው ያጣል። እኛ ዘጠኝ መቶ አርባ አለን። ነበረን። ስድስት መቶ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ገጽ ተኩል አለቀ። ባለመሬቶች ከነቤተሰባቸው ከወረዳው ይውጡ ይላል የሚሉ አሉ፤ አይልም የሚሉም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ፍሪትስ ፒንግል መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠረገላችን ነጂ ነበር፤ ሜይ ላይ ሩሲያውያን የመንደሩ ሹም አደረጉት። ለምን እንደ መረጡት ሲጠየቅ “መንገድ ዳር ቆሜ ስለ ነበር” ይላል። አብረውት ከወረዳ የተላከው ሬሽከ የሚባል ቀጭን ሰውና አንድ ሩሲያዊ መኮንን ነበሩ። ስማችን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማትነበብ ፊደል አለች፤ መኮንኑ አነበባት።

“ሀሰልኮቭ!” አለ ፊቱ በርቶ። “የኛ ሰው ነሽ እንዴ? ከየት ክፍለ ሀገር?”

ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ጀርመንነታችንን የተጠራጠረ አልነበረም። አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ተነሥቶ ፊደሏን በላጲስ ያጠፋት ነበር።

ሬሽከ ግን ቀልድ አያውቅም። “የመሬቱ ካርታ ከወረዳው መዝገብ ቤት ጋር ተቃጥሏል” አለ። “ማሳዎቹን በስምና በወሰን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ ይላል ጓድ ፒንግል።”

“እኔ መንገዱን ነው የማውቀው እሜቴ” አለ ፒንግል። “ዳር ዳሩን።”

“እሜቴ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ ጓድ ፒንግል።”

“ታዲያ ምን ልበላቸው?”

“ዜጋ ሀሰልኮ።”

ፒንግል ቃሉን አፉ ውስጥ ጥቂት አገላበጠው። “እሺ” አለ፤ “ዜጋ እሜቴ።”

ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። መሬቱ የተመዘገበው በዮአኺም ስም ነው፤ እኔ ባለመሬት አይደለሁም። ሥራውን ከሠራሁላቸውና መንደሩ እጁን ካወጣልኝ፣ እንደ ማንም ሰው አምስት ሄክታር ደርሶኝ እዚሁ እቀራለሁ።

“አምስት ሄክታር ምን አደርግበታለሁ?” አልኩት።

“ድንች ይተክሉበታላ!”

ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሴፕቴምበር 12

ሦስት ቀን ማሳ ለማሳ ዞርን። ፒንግል የእንጨት መለኪያውን እያገላበጠ ይቆጥራል፤ እኔ ስም እጠራለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል እግዜር ይታዘበኛል። ግን ደስ ብሎኛል።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወሰን ሊያሳየኝ የጀመረው። በየወሰን ድንጋዩ ቆም ይልና ጆሮዬን ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ ልጅ ያመመውን አይረሳም ይባላልና። ይህ የሀገሩ ልማድ ነው፤ የሚቆነጠጠው ግን ወንድ ልጅ ነበር። ዮአኺም ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ ጆሮው የእኔ ሆነ። “ቲሊ፣ ይህ ማነው?” ይለኛል። “ረጅሙ ጅራት!” “ይህስ?” “የመነኩሴ ቁራሽ!” “ያ ውሃ የሚያቁረው?” “የእንቁራሪት ጉድጓድ!” የሙሽራ መስክ የሚባለው ከአንዲት ቅድመ አያታችን ጋር በጥሎሽ የመጣ ነው፤ አብሮ የመጣው ፈረስ አንካሳ እንደ ነበርም ይወራል። ስሞቹ ሁሉ ከነድንጋያቸው ይኸው ዛሬም ምላሴ ላይ አሉ።

ከሁሉም የምወደው ዞስ ሂርድ ነው፤ በመንደሩ አፍ ስድስት መንጋ ማለት ነው። ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ያለው፣ ከሁሉ የለማው ሠላሳ ሄክታር። የአባቴ ቅድመ አያት ስድስት መንጋ የእስፓኝ በግ ነበራቸው። የየመንጋው ቃጭል ድምፅ የተለያየ ስለ ነበር አልጋቸው ላይ ተኝተው የትኛው የት እንዳለ ያውቁ ነበር። አባቴ ይህን ሲያወራኝ ቃጭሎቹን በአፉ እያሰማ ነበር። ዛሬም በዚያ ሳልፍ የምሰማ ይመስለኛል።

“እንዴት አድርጌ ልጻፈው?” አለኝ ፒንግል።

“ስድስት መንጋ በለው።”

እርሳሱን ምላሱ ላይ አስነካ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጻፈው።

ሴፕቴምበር 13

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ከወይዘሮ አዶማይት ጋር ፕሪም ስንፈለፍል ዋልን። እሷ በሀገሯ አርባ ሄክታርና አሥራ አራት ላም ትታ ሦስት ልጅ ብቻ ይዛ የመጣች ናት። “የእኔንስ ማሳ ስም ማን እየጻፈላቸው ይሆን?” አለች። ፕሪሙን መፈልፈል ቀጠልኩ።

ሴፕቴምበር 17

በትምህርት ቤቱ የማሳዎቹ ዝርዝር ለመንደሩ ተነበበ። ሬሽከ “ስድስት መንጋ፣ ሠላሳ ሄክታር” ሲል አንዱ አሳለ። ከኋላ ወንበር ሚና ዴትማን፣ የላሞቻችን አላቢ የነበረችው፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላት አሮጊት፣ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፦

“ወይ ጉድ! በጎቹ ጭስ ማውጫ ነበራቸው እንዴ?”

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሬሽከ የሳቁ ምክንያት አልገባውም። እኔም አልገባኝም። ሂርድ ምድጃም ማለት ነው፤ እሱንማ ማን ያጣዋል። ግን ስድስት ምድጃ በማሳ መሃል ምን ሊሠራ?

ሚና አፈኛ ናት። ሁልጊዜም ነበረች።

ሴፕቴምበር 23

የመከር አክሊል ቀን። አዝመራ ሲገባ ሠራተኞቹ ከስንዴ፣ ከገብስና ከአጃ አክሊል ጎንጉነው ወደ ቤታችን ደረጃ ያመጣሉ፤ ግጥም ይላሉ፤ አባቴ ተቀብሎ ከትልቋ ሴት ጋር የመጀመሪያውን ዳንስ ይደንሳል። ዘንድሮ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ጎነጎኑት፤ ለማን እንደሚሰጡት ግን ያሰበ አልነበረም። ለእኔ? ያስቀጣል። ለሬሽከ? እሱ አጃና ገብስ አይለይም። ዞሮ ዞሮ ፒንግልን ጎትተው ደረጃው ላይ አቆሙት። የሠረገላ ነጂ ኮቱን ለብሷል፤ ሌላ ኮት የለውም። ላቡ ይንቆረቆራል።

“በሉ ስጡኝና ይብቃን” አለ።

“ዳንሱስ?” ብለው ጮኹበት።

“ከማን ጋር?”

“ከእማማ ዴትማን!”

ሚና ወገቧን ይዛ ወጣች። ሁለቱ አንድ ዙር ዞሩ። ወይዘሮ አዶማይት ሳቋ ወደ ለቅሶ ተቀየረባት። እኔ ከአንሶላ ክፍሌ መስኮት አየሁ። አባቴ ከሚና ጋር የደነሰበት ዓመት ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሚና ወጣት ነበረች፣ ትልቋ ሴት ታማ እሷ ተተክታ ነው፤ አረንጓዴ ሪባን በፀጉሯ አስራ ነበር፤ እኔ ቀናሁ። በምን እንደ ቀናሁ ዛሬም አላውቅም።

አክሊሉን ባዶው የፈረሶች በረት ውስጥ ሰቀሉት።

ሴፕቴምበር 27

የዮአኺም ደብዳቤ ደረሰ። መርፌና የላይተር ድንጋይ በድንበር የሚያመላልስ ሰው በካልሲው ውስጥ አመጣው። ሁሉም ደህና ናቸው። ብር ዕቃውም ደህና ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

“ውድ ቲሊ፣ እነዚህ ሰዎች ወረቀቶቻችንን መበርበራቸው አይቀርም። የዘር ሐረጉ ይቀመጥ። አባባ የሰጠሽን የ1784ቱን ወረቀት ግን አቃጥዪው። የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ።

ሴፕቴምበር 28

ምድጃው ለፕሪም ማርማላታው እየነደደ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። አላቃጠልኩትም። ማርማላታው ግን አረረ።

ኦክቶበር 5

ቸኩያለሁ። ማታ ስብሰባ ነው። ስለ እኔ። ጫማዬ ጭቃ፤ ሌላ የለኝም።

ኦክቶበር 6

በእህል መውቂያው ጎተራ ነበር። ሬሽከ ጥያቄውን አነበበ፦ ኦቲሊዬ ፎን ሀሰልኮ አምስት ሄክታር ይገባታል ወይስ አይገባትም?

ወጣቱ ያርሆ ተነሣ። “አባቴ አንዲት ጥንቸል ወሰድክ ተብሎ ስድስት ሳምንት ታስሯል” አለ። “ያቺ ጥንቸል በመዝገባቸው ላይ ሳትኖር አትቀርም!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ገልብጬ ፈለግሁ። አለች፦ “ኖቬምበር 1908፣ አንድ ጥንቸል፣ በያርሆ ተሰረቀ።” በአባቴ የሚያምር ጽሕፈት።

ጎተራው ውስጥ ያርሆ ተመልሶ ተቀመጠ። ጣሪያው ላይ የርግብ እግር ይሰማል። ከዚያ ሚና ዴትማን ተቀምጣ እንዳለች እጇን አወጣች፤ ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ። ፒንግል ተከተለ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ እየተያዩ። ሠላሳ አንድ ለዘጠኝ።

ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ይገባኛል ብዬ አይደለም። ሚና፣ ከሰው ሁሉ ሚና! በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ደህና ቃል የተናገርኳት አይመስለኝም። ክፉም አልተናገርኳትም። እንዲያው “ወተቱ ስንት ሆነ ሚና?” ብቻ።

ኦክቶበር 14

ዕጣ። ቁጥሮቹን ፒንግል በሠረገላ ነጂ ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ አዞረ፤ ባርኔጣው ላይ የቤተሰባችን ሪባን አሁንም አለ፣ ማንም ልብ አላለውም። ለእኔ የደረሰኝ የእንቁራሪት ጉድጓድ ነው። ጎተራው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። “ዋና ይማራሉ እሜቴ!” አለ አንዱ። ከሰው እኩል ሲሳቅብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ ይላል።

ለወይዘሮ አዶማይት ከዞስ ሂርድ ደረሳት። ለሚና ከረጅሙ ጅራት፣ አሸዋው በኩል። ሚና እየተንገዳገደች ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ እኔ ጸሐፊ ሆኜ ሬሽከ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

“በዞስ ሂርድ ለውጡልኝ” አለች። “የእኛ ነበር።”

“የእናንተ? መቼ?”

“ድሮ።”

“ድሮማ ሁሉም የእኔ ነበር ይላል፣ እማማ” አለ ሬሽከ። በክፋት አልነበረም። “ወረቀት አለ?”

“ወረቀትማ ይኖራል” አለች ሚና፤ “ካለበት ቦታ።”

ወደ እኔ አላየችም። እኔ እርሳስ እየቀረጽኩ ነበር። የተቀረጸ እርሳስ መልሼ ቀረጽኩ።

ኦክቶበር 15

ለራሴ እንኳ በዚህ ደብተር ላይ ዋሽቻለሁ። እንግዲህ ልጻፈው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ጠርቶኝ ወረቀቱን አሳየኝ። በ1784 የአባቴ ቅድመ አያት በዚያ ማሳ ላይ ይኖሩ የነበሩ ስድስት ገበሬዎችን ከነቤተሰባቸው አስነሥተው ምድጃቸውን አፈረሱ። መሬቱ ከእኛ ጋር ተቀላቀለ፤ እነሱ በመንደሩ ዳር ጎጆ ተሰጥቷቸው ቀን ሠራተኞቻችን ሆኑ። “ይህን የምናውቅ እኔና አንቺ ነን” አለኝ፤ “ዮአኺም ሲያድግ ሦስት እንሆናለን። ይበቃል። ሌላው ሆድ ይፍጀው።” እኔም ኮራሁ! አባቴ ምሥጢር አካፈለኝ ብዬ። ስለ ስድስቱ ገበሬዎች ያን ቀን ትንሽም አላሰብኩም።

መንጋዎቹ ተረት አይደሉም። በጎቹ የመጡት ምድጃዎቹ ከፈረሱ በኋላ ነው፤ ቃጭሎቹም እውነት ናቸው። አባቴ አልዋሸኝም፤ ከመሃል ነው የጀመረልኝ።

ወረቀቱ እዚሁ በግራ በኩል ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ነው። ሬሽከ ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ በጋዜጣ ያወጣዋል፤ ሠላሳ አንዱም እጆች ይወርዳሉ። አባቴን እወደዋለሁ። አምስት ሄክታሬንም እፈልጋታለሁ። ሁለቱ ተደጋግፈው አፌን ያዙኝ።

ኦክቶበር 22

ወይዘሮ አዶማይት በላም ታርሳለች፤ ፈረስ የለም። ዛሬ ማረሻው ጠቁረው የተሰነጠቁ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ድንጋዮች መታ። አንዱን በሽርጧ ይዛ መጣች።

“ይህ የምድጃ ድንጋይ ነው” አለችኝ። “ምድጃ አውቃለሁ።”

“እረኞች እሳት ያነዱ ነበር” አልኳት።

“እረኛ ድንጋይ ጠርቦ ነው እንዴ የሚያነድ?”

ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ። ድንጋዩን መስኮቴ ላይ ትታው ሄደች። ጥላሸቱ አሁንም እጅን ያጠቁራል።

ኦክቶበር 29

ስድስት ቀን ቦይ ስቆፍር ቆየሁ። የእንቁራሪት ጉድጓድ ውሃው መውረድ ጀምሯል። ወጣቱ ያርሆ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆሞ አየኝ፤ መታገሥ እንዳቃተው ሆኖ አጥሩን ዘለለና አካፋውን ከእጄ ወሰደ። “እንዲህ አይያዝም” አለ። “ወገብዎን ይሰብሩታል።” አሳየኝና ሌላ ቃል ሳይናገር ሄደ።

ከማሳዬ የቤቱ ጣሪያ፣ ሊንደኖቹና የመቃብራችን አጥር ይታያሉ። ልጅ ሳለሁ ውሃው በክረምት ሲረጋ እዚሁ በበረዶ ላይ እንንሸራተት ነበር፤ አባቴ በባርኔጣው ትኩስ የተጠበሰ ድንች ያመጣልን ነበር። ጸደይ ሲመጣ ድንቹን ከታች፣ ባቄላውን ከላይ እተክላለሁ። የሚበቅል መስሎኝ አይደለም። ግን እተክላለሁ።

ሚና መንገድ ላይ አገኘችኝ። “እንዴት ዋሉ እሜቴ?” አለች። ቆማ ጥቂት ጠበቀች። “ደህና” አልኩ። ሄደች።

ኖቬምበር 2

ፒንግል ወረቀት ይዞ መጣ፤ አልቀመጥም አለ። ከወረዳ የመጣ ትእዛዝ ነው። የቀድሞ ባለመሬቶች ቤተሰብ በሙሉ፣ ባለቤት ሆነም አልሆነ፣ ከወረዳው ይውጣ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ጋሪ ይመጣል። በእጅ የሚያዝ ብቻ።

“መንደሩ እኮ እጁን አውጥቷል!” አልኩት።

“አውጥቷል እሜቴ። ወረዳው ግን አላወጣም።” ባርኔጣውን ሲያዞር ቆየ። “ሬሽከን ለምኜዋለሁ። ይህ የእኔም ሥልጣን አይደለም አለ።”

ማሳዬን ሄጄ አየሁት። ቦዩ እየሠራ ነው።

ስጠብቀው የቆየሁት ይህን ማሳ ነበር፤ ሳልናገር የቆየሁት ለዚህች አምስት ሄክታር ነበር። አሁን የማጣው ነገር ስለሌለ እውነቱን መናገር ቀለለኝ። ይህ ደግሞ ድፍረት አይባልም። ግን ነገ ሄጄ እናገራለሁ፤ ስሙ ምንም ይሁን ምን።

ኖቬምበር 3

ወረቀቱን ከአንሶላው ሥር አውጥቼ ወደ ሚና ቤት ሄድኩ። ፒንግልን አስጠርቼው ነበር። በሩ ላይ ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ፤ የላይኛው መቃን ላይ ሦስት ጣት ያለው መጥረጊያ የሚመስል ምልክት መቀረጹን ያየሁት ዛሬ ነው። ከወረቀቱም ግርጌ በፊርማ ፋንታ ስድስት ምልክቶች አሉ። ሦስተኛው እሱ ራሱ ነው።

ሚና አጃ ዳቦና የተናጠ ወተት ጠረጴዛ ላይ አቀረበች። “ይቀመጡ” አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ አነበብኩት፤ የድሮ ጽሕፈት ነው፣ አባቴ አስተምሮኛል።

“በሀሰልኮ የሚገኙት ስድስት ምድጃዎች ከቅዱስ ማርቲን ቀን በፊት ይፍረሱ፤ ድንጋያቸው ለበጎች በረት ይዋል፤ ነዋሪዎቹም ከነልጆቻቸው ቤቱን በጉልበት ያገልግሉ። ስማቸውም ያርሆ፣ ሳስ፣ ዴትማን፣ አረንስ፣ ፒንግል፣ ቡርማይስተር።”

ፒንግል ስሙን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ያነሣልን የነበረውን ባርኔጣ።

“የማሳው ነገር በዚህ ያልቃል” አለ። “ወይዘሮ አዶማይት ድንጋዮቹን ካየች ወዲህ ማረሱ ከብዶኛል እያለች ነው። ከእማማ ዴትማን ጋር ትለዋወጣለች።”

“ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቅ ነበር” አልኩ። “አርባ ዓመት ሙሉ። ዕጣው ቀንም አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ሚና።”

“እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት፣ እሜቴ” አለች።

አልገባኝም።

“አባትዎ የተቀበሩ ጊዜ አንሶላ ላጥፍ ጠርተውኝ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አገኘሁት። ጽሕፈቱን ማንበብ አልቻልኩም፤ የእናንተን የድሮ ጽሕፈት ማን ያነባል? የበራችንን ምልክት ግን አወቅሁት። አያቴ ስለ ምድጃዎቹ ይነግረን ነበር፤ ተረት ነው እንል ነበር። መልሼ ከነበረበት አስገባሁት።”

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ለማን?”

ፒንግል መሬት መሬት አየ። እኔ ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ያ የተዘረጋ ክንዷ፣ ከሁሉ በፊት የወጣው፣ ዓይኔ ላይ መጣ።

“ታዲያ ይህን እያወቅሽ ያን ቀን በጎተራው እጅሽን ለምን አወጣሽልኝ?” አልኳት።

ዳቦውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆረሰችና ፊቴ አስቀመጠች።

“ብትሄጂ ማን ያነብልናል ብዬ ነዋ” አለችኝ። “በይ እንደገና አንብቢው፤ ቀስ ብለሽ፣ ከስሞቹ ጀምሪ።”

አነበብኩላቸው።